ፀሐይ ምን ታጠራለች? ምንስ አታጠራም?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ ባለፈው እሑድ ከወርኃዊው ስብሰባ በኋላ በማኅበራችን አዳራሽ የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው በቆዳ ፋብሪካ ላቦራቶር ለብዙ ዓመታት ሠርተው በጡረታ የተገለሉ የሠፈራችን ነዋሪ ናቸው። በሥራ ወይም በሐዘን ምክንያት ላልተገኙ አባሎቻችን ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ተደርጓል። አነጋገራቸውን እንዳለ ትተነዋል።



ዛሬ እዚህ የቆምኩበትን ምክንያት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፦ «የወንዙ ውሃ የፋብሪካ መርዝ አለበት ይባላል። በውጭ አገር ይህንን መርዝ በፀሐይ ብርሃን ማጥራት ተችሏል። እኛ ደግሞ ፀሐይ ሞልቶናል። ከየቤቱ መዋጮ ሰብስበን በወንዙ ዳር ኩሬ እንቆፍር፤ ውሃው ፀሐይ ሲመታው ይጠራል፤ ጎመኑንም ቆስጣውንም በዚያ እናጠጣ» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነውና። ሊቀመንበራችን ግን ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት፦ «እርስዎ በዚህ ሥራ ያረጁ ሰው ነዎት፤ እስቲ ነገሩን ያስረዱን» አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ ሳስብበት፣ ስጠይቅበት፣ በጓሮዬም አንዳንድ ነገር ስሞክርበት ቆየሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ይህችን እጄን ተመልከቱልኝ። ከአውራ ጣቴ ሥር ክብ ጠባሳ አለች። ሚስማር የበሳኝ ይመስላል፤ ሚስማር ግን አይደለም። የክሮም ቁስል ነው።

ወጣት ሆኜ ፋብሪካ ስገባ የቆዳ ማልፊያው ክሮም ተዘጋጅቶ አይመጣም ነበር፤ እዚያው እናበስለው ነበር። ዳይክሮሜት የሚባል ብርቱካንማ ጨው አለ። እሱን በውሃ እናሟሟለን፤ ሰልፈሪክ አሲድ እንጨምርበታለን፤ ከዚያ ከስኳር ፋብሪካ የሚመጣውን ሞላሰስ ቀስ እያልን እናፈስበታለን። ይፈላል፤ ይገነፍላል፤ ያስላል። ብርቱካንማው ቀለም ቀስ በቀስ እየጠቆረ ይሄድና በመጨረሻ አረንጓዴ ይሆናል። አረንጓዴ ሲሆን «በሰለ» እንል ነበር። ይህ አረንጓዴው ነው ወደ ትልቁ የእንጨት በርሜል ገብቶ ቆዳውን የሚያለፋው። ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣውን ቆዳ «ዌት ብሉ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ስሙ ከዚሁ ቀለም የመጣ ነው።

በዚያን ጊዜ ጓንት የለም። ዳይክሮሜቱን በእጃችን እንነካለን፤ ትንሽ ጭረት ካገኘ ገብቶ ይበላል። የሚገርመው እምብዛም አያምም። ቀዳዳው እየጠለቀ ይሄዳል እንጂ። ከእኔ በፊት በዚያ ክፍል የቆየ አንድ ወንድም ነበረ፤ የአፍንጫው መካከለኛ አጥንት በስቶ ሲተነፍስ ያፏጭ ነበር። እኛ ሞኞች እንስቅበት ነበር።

ይህንን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። የዛሬው ጉዳይ በሙሉ በዚያ ድስት ውስጥ ስላለ ነው።

ብርቱካንማውና አረንጓዴው ሁለቱም ክሮም ናቸው። አንዱ ብረት ነው፤ ጠባዩ ግን ሁለት ነው። ብርቱካንማው፣ ሲቀጥን ደግሞ ቢጫ የሚሆነው፣ ባለ ስድስት ክሮም ይባላል። በውሃ ውስጥ እንደ ልቡ ይሟሟል፤ ከውሃው ጋር አፈር ውስጥ ይሰርጋል፤ ወደ ሰውነት ሕዋስ ይገባል፤ በሥራ ቦታ ለዓመታት የተነፈሱትንም ሰዎች የሳንባ ካንሰር እንደሚያስይዝ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። አረንጓዴው ባለ ሦስት ክሮም ነው። እሱ ሰነፍ ነው። ኖራ ወይም አመድ ጨምራችሁ ውሃውን ብታለዝቡት እንደ ደመና ተቋጥሮ ወደ ታች ይወርዳል። ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም፤ ከወንድሙ ጋር ሲነጻጸር ግን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ ሞላሰሱ ምን ሠራ? ስኳሩ ለክሮሙ ኤሌክትሮን ሰጠው። ኤሌክትሮን ማለት ያቺ በሽቦ ውስጥ ስትሄድ አምፑል የምታበራው ደቃቅ ነገር ናት። ባለ ስድስቱ ሦስት ኤሌክትሮን ሲቀበል ባለ ሦስት ይሆናል። በቃ ይኸው ነው። ፀሐይም የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ሞላሰሱን ትተካለች። ለብቻዋ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1972 ዓ.ም. ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ሁለት የጃፓን ሳይንቲስቶች ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ነገር ውሃ ውስጥ ከትተው ብርሃን ቢያበሩበት ውሃውን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ሊከፍለው እንደሚችል አሳተሙ። ይህ ነገር በዱቄት መልክ እንግዳ አይደለም። የግድግዳ ነጭ ቀለም ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት እሱ ነው፤ በጥርስ ሳሙናም ይገባል። የዱቄቱ ቅንጣት ብርቱ ብርሃን ሲያርፍባት ከውስጧ አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይፈናቀልና ባዶ ቦታ ትቶ ይሄዳል። የተፈናቀለው ኤሌክትሮን አጠገቡ ባለ ስድስት ክሮም ካገኘ ይገባበታል። ባዶው ቦታ ደግሞ በፊናው ከሌላ ነገር ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ለምሳሌ በፍሳሹ ውስጥ ካለው የስብ፣ የቀለም፣ የሳሙና ዓይነት ቆሻሻ። ያም ቆሻሻ እየተሰባበረ ይሄዳል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ነገር ግን የሚነጠቅ ከሌለ የወጣው ኤሌክትሮን ተመልሶ ባዶ ቦታው ውስጥ ይወድቅና ሥራው ከንቱ ይቀራል። እንደ እቁባችን ቁጠሩት፤ የሚጥል ከሌለ የሚወስድ የለም።

አሁን ወደ ጓሮዬ ልውሰዳችሁ። ከድሮ የቀረችኝ ትንሽ ዳይክሮሜት ነበረችኝ፤ ለዓመታት ቆልፌ ያስቀመጥኳት። (ልጆች ይህንን እንዳትሞክሩ፤ እኔም ከዚህ በኋላ ለላቦራቶር አስረክቤያታለሁ።) ከቀለም መደብር ነጩን ዱቄት ገዛሁና በሳሕን ቢጫ ውሃ ውስጥ በትኜ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ቀን፤ ምንም። ሁለተኛ ቀን፤ ያው ቢጫ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ጡረታ ወጥተህም ፋብሪካውን ቤት አመጣኸው?» አለችኝ። በኋላ ጠይቄ እንደተረዳሁት ለቀለም የሚሠራው ዱቄት ሆነ ተብሎ በሌላ ነገር የተለበጠ ነው። ለምን ቢባል፣ ባይለበጥ ኖሮ ፀሐይ በመታው ቁጥር የራሱን ቀለም እየበላ ከግድግዳችሁ ላይ ያረግፈው ነበር። እኔ ደግሞ የማይሠራውን መርጬ ገዝቻለሁ!

ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ የማውቀው ሰው አናታዝ የሚባለውን ዓይነት፣ ያልተለበጠውን፣ በትንሽ ማንኪያ ሰጠኝ። በእሱ ላቦራቶር ሦስት ሳሕን አዘጋጀን። በአንደኛው ቢጫ ውሃና ዱቄቱን አድርገን ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ጨመርንበትና በጨርቅ ሸፈንነው። በሁለተኛው ያንኑ አድርገን ሳንሸፍን ተውነው። በሦስተኛው ቢጫውን ውሃና ሎሚውን ብቻ፣ ዱቄት የሌለበትን፣ ክፍት አስቀመጥን። ሎሚው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ይህ ሥራ በኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ይፈጥናል፤ ሁለተኛ ሎሚው ራሱ ኤሌክትሮን የሚነጠቅለት ይሆናል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሰገነቱ ላይ አወጣናቸው። ቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስናይ የተሸፈነው እንደ ቢጫነቱ ነው። ዱቄት የሌለው በጥቂቱ ደብዝዟል። ዱቄቱ ያለበትና ፀሐይ የመታው ግን ቢጫው የለም። እውነቱን ልናገር፣ ስንት ዓመት ስበከልበት ለኖርኩት ነገር ፀሐይ እንደዚያ ስትሠራ ሳይ ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ ነበር የሆንኩት።

ከዚያ ውሃውን አጣርተን የኖራ ውሃ ጨመርንበት። ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ደመና ተቋጠረና ወደ ታች ወረደ። ያ ሰው ጠየቀኝ፦ «ክሮሙ የት ሄደ?» እዚያው ነው ያለው፤ ከሳሕኑ ሥር።

እንግዲህ ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሁሉም ነገር በሷ ላይ ነው የሚዞረው። ጀርም ይሞታል፤ ብረት አይሞትም። ውሃን በጠራ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ለ6 ሰዓት ብርቱ ፀሐይ ላይ ማስተኛት፣ ሰማዩ ደመናማ ከሆነ ደግሞ ለሁለት ቀን፣ የተቅማጥ ጀርሞችን ይገድላል። ይህ እውነት ነው፤ በብዙ አገር ይሠራበታል፤ ውሃው የጠራ ከሆነ እናንተም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በጠርሙስ ውስጥ ያለውን እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮም ግን ፀሐይዋ ወዴትም አትወስደውም። ማፍላትም እንደዚሁ። እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ብረቱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይወፍራል። ሰሞኑን የወንዝ ዳር ጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ እየሞሉ ቆርቆሮ ላይ ያሰለፉ ቤቶች አይቻለሁ። ለጀርሙ ደግ ነው። ከወንዙ ጋር ለተጠጋ ጉድጓድ ግን መተማመኛ አይሆንም፤ ለመጠጥ የቧንቧውን ተጠቀሙ።

አሁን ስለ ኩሬው ልናገር። ወንድማችን እንዳይቀየመኝ።

ፀሐይ ብዙ ብርሃን ትሰጣለች፤ ዱቄቱን የሚያነቃው ግን አልትራቫዮሌት የሚባለው ዓይናችን የማያየው ክፍል ብቻ ነው። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት ያህል ኃይል ይወርዳል፤ ከዚያ ውስጥ አልትራቫዮሌቱ ከ30 እስከ 50 ዋት ቢሆን ነው። የኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠ፣ ለምድር ወገብም ስለሚቀርብ፣ በዚህ በኩል ተጠቃሚዎች ነን፤ ቆዳችንን የሚያከስለውም እሱ ነው። ነገር ግን ይህ ብርሃን በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር እንኳ ሳይወርድ ይዋጣል። የወንዛችንን ቀለም ደግሞ እኔ ልነግራችሁ አልችልም፤ በየቀኑ ታዩታላችሁ። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ብንቆፍር ፀሐይ የምትነካው ላይኛውን ስስ ሽፋን ብቻ ነው።

መጠኑንም አስሉት። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 100,000 ሊትር ይይዛል። ወንዙ በሴኮንድ 100 ሊትር ብቻ ቢፈስ ይህ ኩሬ በ17 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። የቀረውን ቀን የሚፈሰውን ምን ልናደርገው ነው? ክረምት ሲመጣስ? ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው፣ ጎርፉ ሲጨመር ኩሬው ራሱ ይወሰዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ኩሬው ሳይጠቅም ቢቀር እኮ ገንዘባችን ብቻ ነበር የሚጠፋው። ኩሬ የቆመ ውሃ ነው፤ የቆመ ውሃ ጭቃውን ያዘቅጣል፤ ብረቱም ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከወንዙ የባሰ ጭቃ በደጃችን እናከማቻለን። በጋ ሲደርቅ አቧራ ይሆናል፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ወደ ጉድጓዶቻችንም ይሰርጋል።

ደግሞም በዚህ ዱቄት ተሸንፎ የሚለወጠው ብረት ሁሉም አይደለም። ባለ ስድስት ክሮም፣ ብር፣ ሜርኩሪ፣ በመጠኑም መዳብ ይለወጣሉ። ካድሚየም፣ ዚንክና ኒኬል በዚህ መንገድ በጄ አይሉም። ለጎመናችን የሚያሰጋው ደግሞ ይበልጡን ካድሚየም ነው። ክሮም አብዛኛው ከተክሉ ሥር ላይ ይቀራል፤ ካድሚየም ግን እስከ ቅጠሉ ድረስ በቀላሉ ይወጣል። ሰላጣና ቆስጣ በተለይ ይስቡታል። ቅጠሉን ደጋግሞ ማጠብ በላዩ ያለውን ጭቃና ጀርም ያነሣል፤ ውስጡ የገባውን አያወጣም።

እንግዲህ «ፀሐይዋ ለምንም አትጠቅምም ልትለን ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ቦታዋን ስታጣ ነው የማትጠቅመው።

በስፔን አገር ደቡብ፣ አልሜሪያ በሚባል ደረቅ አውራጃ፣ የፀሐይ ምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ ፍሳሽ በፀሐይ የሚታከምበትን መሣሪያ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ ሲያሠሩና ሲሞክሩ ኖረዋል። መሣሪያው የተራቀቀ አይምሰላችሁ። ቀጫጭን የመስተዋት ቱቦዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ፀሐይን ወደ ቱቦው የሚመልስ የታጠፈ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ አለ፤ ውሃውና ዱቄቱ በፓምፕ በቱቦው ውስጥ ይዞራሉ። ልብ በሉ፤ ቱቦው ቀጭን ነው፤ ውሃው የተመረጠ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ነው። ወንዝ አላስገቡበትም። ለክሮም ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ ይህ ነገር በአመዛኙ በምርምርና በሙከራ ደረጃ ያለ ነው እንጂ ፋብሪካዎች ሁሉ የሚሠሩበት አይደለም። ይህንንም ሳልደብቅ ልነግራችሁ ይገባል። ዱቄቱ እጅግ የደቀቀ ስለሆነ ከውሃው መልሶ ማጣራቱ አስቸጋሪ ነው፤ በመስተዋት ወይም በሸክላ ላይ ለመለጠፍ ይሞከራል፤ ሲለጠፍ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ፀሐይዋን የምንፈልጋት ውሃው ጥቂት፣ መርዙ ብዙ፣ ቀለሙ ቢጫ በሆነበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ በሠፈራችን አለ ወይ? አለ። ከድልድዩ በላይ ወጣቶቻችን የመኪና መከላከያና የቧንቧ ዕቃ ክሮም የሚነክሩበት ወርክሾፕ አለ። ስም አልጠራም፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ልጆቻችን ናቸው፤ እንጀራቸው ነው። የክሮም መንከሪያው ገንዳ ውስጥ በአንድ ሊትር 250 ግራም ያህል ክሮሚክ አሲድ ይገባል፤ ባለ ስድስቱ ማለት ነው። ዕቃው ከገንዳው ወጥቶ በውሃ ሲለቀለቅ ያ ውሃ ቢጫ ሆኖ ወደ ቦዩ ይሄዳል። ቦዩ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ሄጄ አነጋገርኳቸው። ጥሩ አድርገው ተቀበሉኝ። እጃቸውን አየሁ። አንደኛው ልጅ ከጣቱ ላይ የኔዋን የመሰለች ቁስል አለችው። «አታምምም ጋሼ» አለኝ። አውቃለሁ አላምምም እንዳለችው። በማግስቱ ጓንት ገዝቼ ወሰድኩላቸው፤ ማኅበሩ ግን በጓንቱ ላይ ሊጨምርበት ይገባል።

ለእነሱ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የልቅላቂው ውሃ ቦይ ሳይገባ በ200 ሊትር በርሜል ለብቻው ይጠራቀም። ከሌላ ውሃ ጋር አይቀላቀል፤ ምክንያቱም አንድ በርሜል ቢጫ ውሃን ማከም ይቻላል፤ እሱኑ በወንዝ ከበተንን በኋላ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ሲጠራቀም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የታወቀው የፋብሪካ መንገድ ነው፦ በኮምጣጣው ውሃ ላይ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ጨምሮ ወደ አረንጓዴ መለወጥ፤ ከዚያ በኖራ ማዝቀጥ። ይሠራል። ዱቄቱ ግን ይገዛል፤ ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ሲቆም ውሃው ወደ ቦዩ ይመለሳል። ይህንን ከራሴ ልምድ አውቀዋለሁ፤ እመለስበታለሁ። ሁለተኛው መንገድ ፀሐይ ያለችበት ነው። ዱቄት ሳያስፈልግ፣ አነስተኛ የሶላር ፓነል ገዝቶ ኤሌክትሪኩን በርሜሉ ውስጥ ወደ ተነከሩ ሁለት የብረት ሉሖች ማገናኘት። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ ብረቱ ቀስ በቀስ ይሟሟል፤ የሟሟው ብረት ለክሮሙ ኤሌክትሮኑን ይሰጠዋል፤ ባለ ሦስት ያደርገዋል፤ ከዚያም ራሱ እንደ ዝገት ተቋጥሮ ክሮሙን አቅፎ ይወርዳል። ቁርጥራጭ ብረት ወርክሾፑ ውስጥ ሞልቷል። እኔ በበኩሌ ለሠፈራችን አቅም ከዱቄቱና ከመስተዋት ቱቦው ይልቅ ይኸኛውን እመርጣለሁ። የኩሬው መዋጮ ሲሶው እንኳ ለዚህ ይበቃል ብዬ አስባለሁ።

ዝቃጩስ? ዝቃጩ በጆንያ ተጣርቶ፣ ደርቆ፣ ክዳን ባለው በርሜል መቀመጥ አለበት። አፈር ላይ አይደፋም፤ ከቆሻሻ ገንዳ ጋር አይጣልም፤ ከሁሉም በላይ አይቃጠልም። ስለ ማቃጠል ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ከጫማ ሠሪዎች የሚወጣውን የቆዳ ቁርጥራጭ ለምድጃ የምትጠቀሙ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንጨት ተወዷል፤ ይገባኛል። በክሮም የለፋ ቆዳ ሲቃጠል ግን ያ ሰነፉ ባለ ሦስት ክሮም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ወደ ባለ ስድስትነቱ ሊመለስ ይችላል። ጢሱም አመዱም መጥፎ ነው። ስንት ልፋት ለፍተን የለወጥነውን በአንድ ክብሪት መመለስ ማለት ነው። አመዱን ለዕቃ ማጠቢያም ለጓሮ ማዳበሪያም ፈጽሞ እንዳታደርጉት።

ስለ ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም ትጠይቁኛላችሁ። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከሚሰጠው ክሮም የሚጠጣው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው፤ የቀረው ከውሃው ጋር ይወጣል። ይህ ውሃ ለብቻው ተጠራቅሞ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ከዘቀጠ፣ ዝቃጩ በሰልፈሪክ አሲድ ተሟሙቶ መልሶ ማልፊያ ይሆናል። ጥቅሙ ለፋብሪካውም ነው። ከዚያ የተረፈውን ውሃ ደግሞ ፀሐይ በሌላ መንገድ ትሠራበታለች፤ በተክል በኩል። ጠጠር በተሞላ ገንዳ ላይ ሸምበቆ፣ ፊላ፣ ቬቲቨር ሣር ይተከልና ፍሳሹ በሥራቸው ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ይደረጋል። በሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ የኛው ተመራማሪዎች ይህንን ሞክረውት ጥሩ ውጤት አግኝተውበታል። ብረቱ አብዛኛው በጠጠሩና በሥሮቹ ላይ ይቀራል። ሣሩ ግን ለከብት አይሰጥም። እምቦጭም እንደዚሁ ብረት ይስባል፤ ከወንዙ ላይ እያነሡ ላም የሚያበሉ ካሉ ይተዉ።

ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ነገር አለ። የሠራሁበት ፋብሪካ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ነበረው። ኬሚካል ባለቀ ጊዜ፣ ማጠራቀሚያው በሞላ ጊዜ፣ የክረምት ዝናብ ይጠበቅ ነበር። ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ መዝጊያው ይከፈታል፤ ጎርፉ ይወስደዋል፤ ጠዋት ማንም አያይም። መዝጊያውን ከከፈቱት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ከአንድ ጊዜ በላይ ከፍቻለሁ። በዚያን ጊዜ ውሃው ይሄዳል እንጂ የት እንደሚደርስ አላሰብኩም። የት ደረሰ? ወደ አቃቂ፤ ከአቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ፤ ከአዋሽ ወደ ቆቃ። በመካከሉ ስንት ጎመን፣ ስንት ላም፣ ስንት ሕፃን እንዳለ ቁጠሩት። እኔ ራሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያ ወንዝ ዳር ቆስጣ እየገዛሁ ለልጆቼ እወስድ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ወጣቶቹን ስመክር ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

አንዲት እናት ከኋላ እጃቸውን አንሥተዋል። ይናገሩ እማማ።

(በዚህ ጊዜ በወንዙ ዳር ለ20 ዓመት ያህል አትክልት እያመረቱ የሚሸጡ አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ የኔ ቆስጣ መርዝ ነው ብለህ ነው የምትነግረኝ? ነገ ማን ይገዛኛል? ማን ያበላኛል?» ሲሉ ጠይቀዋል።)

እማማ፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው፤ እኔም ስመጣ ይህንን ነበር የፈራሁት። የእርስዎ ቆስጣ መርዝ ነው አላልኩም። ሳይለካ እንዲህ ማለት አልችልም፤ ማንም ሰው ቢልዎት አይቀበሉት። በአቃቂ ወንዞች ዳር ባለው አፈርና ቅጠል ላይ በልዩ ልዩ ጊዜ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረታ ብረት እንዳለ አሳይተዋል፤ መጠኑ ግን ከማሳ ማሳ፣ ከቅጠል ቅጠል ይለያያል። የእርስዎን ማሳ ለማወቅ የእርስዎን አፈር መለካት ነው። እስከዚያው ሰላጣና ቆስጣውን ቀንሰው ወደ ቲማቲም፣ ቃሪያና በቆሎ ቢያዘነብሉ፣ ፍሬው ከቅጠሉ ያነሰ ነው የሚስበው። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ወይም የእንጨት አመድ ቢጨምሩበት ካድሚየሙ ወደ ተክሉ መውጣቱን ይቀንሳል። የእንጨት አመድ ነው ያልኩት፤ የቆዳ አይደለም። በወንዝ ፋንታ የጣሪያ ውሃ የሚያጠራቅሙበት በርሜልም ማኅበሩ ቢያግዝዎት መልካም ነው።

ስለ ልኬቱ ከዚያው የዩኒቨርሲቲ ሰው ጋር ተነጋግሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ያለ ክፍያ ሊለካልን ፈቅዷል። የሚያስፈልገው ከድልድዩ በላይና በታች የወንዝ ውሃ፣ ከሦስት ጉድጓዶች ውሃ፣ ከአምስት ማሳዎች አፈርና ቅጠል ነው። ጉድጓድ ያላችሁ ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ። በመጠጥ ውሃ ውስጥ የዓለም የጤና ድርጅት ለክሮም የሚፈቅደው በአንድ ሊትር 0.05 ሚሊግራም ነው፤ ውጤቱ ሲመጣ ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያይተን በዚህ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን። የማሳ ባለቤት ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ይጻፋል። ይህንን ለእማማ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።

ናሙናው የሚወሰደው በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። ከአዳራሹ በር ላይ እንገናኝ። ጠርሙስ ይዛችሁ አትምጡ፤ በአሲድ የታጠበውን እሱ ራሱ ያመጣል። ቦት ጫማ ያላችሁ ግን ይዛችሁ ኑ፤ ከድልድዩ በታች ያለው ጭቃ እስከ ጉልበት ነው።